ኑርዬ በክት አልበላም

«ኑርዬ በክት በልቶ ሞተ» የሚለውን ቃል በቅሬያችን መዝገብ ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ያስጻፈኝ ሌላ ሰው ነው፤ እጁ ግን የእኔ ነው። ያ ገጽ ትዝ ባለኝ ቁጥር ጣቶቼን በድንጋይ መቀጥቀጥ ያምረኛል።

ጎጣችን ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ከሚወስደው አስፋልት በላይ፣ የአንድ ሰዓት ዳገት ወጥቶ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት አንድ ቅሬ አለን። ቅሬው ሬሳ ይቀብራል፣ ለቅሶ ይቀመጣል፣ የታመመ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ያወርዳል። ሰውን ከቅሬ ማውጣት በቁሙ መቅበር ነው። እሳት የሚሰጠው፣ ከብቱን አብሮ የሚያሰማራለት፣ ቤቱ ገብቶ እህል የሚቀምስለት አያገኝም። ዳኛችን አያ ባድሩ ናቸው። እኔ ጸሐፊ ነኝ። ሰው ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። በስብሰባ ላይ አንድ ቀን እንኳ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ኑርዬ የታመመው ባለፈው ዓመት በጥቅምት ነው። አሥር ቀን ትኩሳት አቃጠለው፤ ራሱን ፈለጠው፣ ቃዠ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። ሬሳው ሲታጠብ ብሽሽቱ አጠገብ አንድ ክብ ጥቁር ቅርፊት ተገኘበት። ያጠበው ሰው ወጥቶ ለአያ ባድሩ በጆሯቸው ነገራቸው። እሳቸውም ቀብሩ ገና ሳይፈጸም፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ይህ አባ ሰንጋ ነው አሉ።

አባ ሰንጋን በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ከብት በድንገት ይጥላል፤ የሞተውን ከብት የገፈፈና የበላ ሰው ገላ ላይ ደግሞ ጥቁር ቁስል ያወጣል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ጥቁር ቅርፊት ቁስል ብቻ አይደለም፤ ምስክር ነው። ሰውየው ተደብቆ በክት በልቷል ማለት ነው። በክት ለእስላሙ ሀራም፣ ለክርስቲያኑ እርም ነው። የኑርዬ ጊደር ከዚያ በፊት ባለው ወር ገደል ገብታ ሞታ ነበር። ቀብሬያታለሁ ብሎ ነበር። ሞቶ ማን ይመስክርለት? ሚስቱ ኡሙሀኒ ቁርአን አምጡልኝና ልማል አለች። አያ ባድሩ ሚስት ለባሏ መማሏ የተለመደ ነው ብለው አለፏት።

በማግስቱ ቅሬው ተሰበሰበ። ለኑርዬ ለቅሶ እንዳይቀመጡለት፣ ቤቱም ኡሙሀኒ ጥፋቱን አምና ይቅርታ እስክትጠይቅ ድረስ ከቅሬው እንዲለይ ተወሰነ። እኔ ጻፍሁ። አያ ባድሩ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ከእሳቸው ቀጥሎ ምክትላቸው መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ፈረሙ። ቀለሙ ሳይደርቅ መዝገቡን ስዘጋው ገጹ ተቀባ፤ ያን ጊዜ ያዘንሁት ለገጹ ነበር።

ኡሙሀኒ ይቅርታ አልጠየቀችም። ያላደረግነውን አላምንም አለች። ሦስት ላሞቿና አንዱ በሬ ከጋራው ግጦሽ ተባረው ማንም ወደማይሄድበት ቁጥቋጦ ወረዱ። መዥገሩ እዚያ ነው ያለው። ድሮ ድሮ ከብቶቻችን በየአሥራ አምስት ቀኑ ይረጩ ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ የከብት ሐኪም ወደ እኛ መምጣቱን ሲተው፣ ለጎጡ አንድ በጀርባ የሚታዘል መርጫ ፓምፕ ተሰጠንና በአያ ባድሩ እጅ ተቀመጠ። አያ ባድሩ ግን በሐይቁ ዳር የጫት ማሳ አላቸው። ፓምፑም ከጫቱ ሥር አልነሳ አለ። ሰው ሲጠይቃቸው ይስቁና መዥገር የከብት ጌጥ ነው፣ የአባቶቻችን ከብቶች ያለ ፓምፕ አርጅተዋል ይሉ ነበር። እኛም አብረናቸው እንስቅ ነበር።

እኅቴ ራህመት ግን አልሳቀችም። ራህመት እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ ታላቄ ናት። ባል አግብታ ፈትታለች፤ አሁን የምንኖረው አንድ ላይ ነው። ኡሙሀኒ ከተለየች በኋላ ራህመት ማገዶ ለቀማ እያለች ከሰዓት ወደ ቁጥቋጦው መውረድ አበዛች። ስትመለስ ማገዶው ጥቂት ነው። አውቃለሁ፤ አልጠየቅኋትም። የኡሙሀኒን ላሞች ታልብላት ነበር፤ ከጡታቸውና ከጭራቸው ሥር መዥገሩን በጣቷ እየነቀለች በሁለት ጥፍሯ ትፈጨው ነበር። በእኛ ዘንድ መዥገር የሚገደለው እንደዚህ ነው። አንድ ቀን ደም የነካው ጥፍሯን ስታጥብ አየኋትና አሁንስ ብትተዪው ይሻላል አልኋት። የሰው ላም በቁሟ መዥገር ሲበላት እያየሁ እንዴት አድርጌ ልተው አለች።

በዚህ በሰኔ መጀመሪያ ራህመት ታመመች። መጀመሪያ ብርድ ብርድ አላት፣ ቀጥሎ ትኩሳት፣ ከዚያ አንገቷን ማዞር እስኪያቅታት ራስ ምታት። በበቅሎ ጭኜ አስፋልቱ ዳር ወዳለው ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ጣቷን ወግተው ወባ የለብሽም አሉና ማስታገሻ ሰጥተው መለሷት። በሦስተኛው ቀን ደግመን ሄድን። ደም ወሰዱ፣ ታይፎይድ ነው አሉ፣ ሌላ ክኒን ሰጡ። የሰጣት ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። የት ነው የምትኖሪው፣ ከብት አለሽ ወይ፣ ገላሽ ላይ ቁስል አለ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ይሄ ይገባኛል። ግን አንድ ጥያቄ ስንት ደቂቃ ይወስዳል?

በስድስተኛው ቀን ለዙህር ሰላት ውዱእ ላደርግ ብላ መነሣት አቃታት። ኩስኩስቱን ይዤ ውሃ አፈሰስሁላት። እግሯን ስታነሣ ቀሚሷ ከፍ አለና ከጉልበቷ በስተኋላ፣ ከእጥፋቱ ላይ፣ አየሁት። ጥቁር ነው። ክብ ነው። የባቄላ ፍሬ ያህላል፤ ዙሪያው ቀልቷል። ውሃውን ማፍሰስ አቆምሁ።

ቀሚሷን ጎተተችና ዐይኔን አየችኝ። «ወላሂ በል» አለችኝ።

ምን ብዬ ልማል አልኋት።

«ለማንም አልናገርም በል። ለሐኪምም ቢሆን። በበቅሎ መሄድ አልችልም፤ ከእንግዲህ ሐኪሙ ጋ የሚያደርሰኝ ቅሬ ነው፤ ቅሬው ከሰማ ያለቀልኝ ያን ቀን ነው። ኑርዬን ያደረጉትን ያደርጉኛል። ያቺ በክት በላች፣ ከዚያች ቤት ስትገባ ስትወጣ አብራ በላች ይላሉ።» ትንፋሿ አጠራት፤ ግድግዳውን ተደግፋ ዐረፈች። «የምትጽፈው ደሞ አንተ ነህ ሰዑዴ።»

ወላሂ አልሁ። ምን ልበል? በዚያች ቀን ከማንም ይበልጥ የተቆጣሁት በእሷ ነበር፤ መሞቷን እያየች የሰው አፍ መፍራቷ አናደደኝ። እያደር ሳስበው ግን ያንን አፍ የፈጠርነው እኛ ነን። እሷ ልክ ነበረች። በእኛ ጎጥ በሽታን ደብቆ መሞት ይሻላል፤ ቢያንስ ሰው ይቀብርሃል።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት እጇ ላይ፣ ከዚያም ውስጥ እግሯ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ወጣባት። እኔን በእናታችን ስም ትጠራኝ ጀመር። ለቅሬው ተነገረ፤ በሕጉ መሠረት ስምንት ሸካሚ ቃሬዛ ይዞ መጣ። አያ ባድሩ በዱላቸው መንገድ እየመሩ ከፊት ሄዱ። መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ስድሳ ዓመታቸው ነው፤ ሆኖም በግራ በኩል ከፊት ገብተው ተሸከሙ።

ቁልቁለቱ የሰኔ ጭቃ ነበር። ሸካሚዎቹ እንደ ልማዳቸው ይቀልዱ ነበር፤ ቀልድ ሸክም ያቀላል። አንዱ ራህመት ይህን ያህል መክበዷን ብናውቅ ኖሮ ባሏን ባልወቀስነው አለ። ሌላው ዝም በል፣ ስትድን በጥፊ ታቃናሃለች አለው። አያ ባድሩ ዞር ብለው «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያሽርሻል» አሏት። ደግ ድምፅ ነው ያላቸው። ያ ድምፅ ነው ለኡሙሀኒም አላህን ፍሪና ጥፋትሽን እመኚ ያላት። አሁን አንዲት ቃል ብናገር ቃሬዛውን ጭቃው ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ይህን እያወቅሁ አንድ ሰዓት ሙሉ ከኋላቸው ሄድሁ።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ወረፋ አላስጠበቁንም። የዚያን ቀን ተረኛው ዝናቡ የሚባል ወጣት ጤና መኮንን ነበር፤ ከመጣ ሁለት ሳምንቱ ነው። የእጇን ነጠብጣብ አየ፤ እግሯን ገልብጦ አየ። ከብት ታልቢያለሽ ወይ አላት። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ገላሽ ላይ የሆነ ቦታ ቁስል አለ፣ ጥቁር ነገር፣ ቅርፊት የመሰለ አላት።

ራህመት ዐይኗን ገልጣ ያየችው እሱን አይደለም። በሩን ነው ያየችው። በሩ ላይ አያ ባድሩ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ከኋላቸው መሪጌታና ሁለት ሸካሚዎች አሉ።

«የለኝም» አለች።

ዝናቡ እርግጠኛ ነሽ አላት። የለኝም አለች ደግማ። ብዕሩን አነሣና ሊጽፍ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ። ብዕር ወደ ወረቀት ሲወርድ አውቃለሁ። አንዴ ከወረደ በኋላ የሚመልሰው የለም።

«ከጉልበቷ በስተኋላ አለ» አልሁ።

ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ራህመት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዝናቡ ሴት ነርስ ጠርቶ መጋረጃ አስጋረደና አየው፤ ብዙም አልቆየም። ሲወጣ ፊቱ ተቆጥቶ ነበር፤ የተቆጣው ግን በእኛ ነው።

የመዥገር ትኩሳት ነው አለን። መዥገር ሲነክስ የሚያስተላልፈው በሽታ ነው፤ የነከሰበት ቦታ እንዲህ ጠቁሮ ቅርፊት ይሠራል። በጊዜ ለመጣ ሰው የጥቂት ቀን ክኒን ይበቃዋል። የዘገየ ግን ሊሞት ይችላል። ከዚህ ተራራ በዚህ ወር ብቻ አራተኛዋ ናት፤ አራቱም ቁስሉን ደብቀው ነው የመጡት። «ምን ነካችሁ? ይህ ቁስል ምን ቢያደርግ ነው እንደ ሌባ የምትሸሽጉት?» አለ።

አያ ባድሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያ ጥቁር ነገር አባ ሰንጋ ይሆናል፣ የበላችውን ብትጠይቃት ጥሩ ነው አሉት። ዝናቡ የአባ ሰንጋ ቁስል አብጦ ውሃ ይቋጥራል፣ መላ ገላ ላይ እንዲህ ያለ ነጠብጣብም አያወጣም ብሎ መለሰላቸው። ቢሆንስ አላቸው ቀጥሎ፤ አባ ሰንጋም ቢሆን መድኃኒት አለው፤ መድኃኒት የሌለው መደበቅ ነው።

«ኑርዬ በዚህ ነው የሞተው» አልሁ።

«የሞተ ሰው ነገር አታንሣ» አሉ አያ ባድሩ።

«ላሞቹ ሥር ይውል ነበር። አሥር ቀን ትኩሳት፣ ከዚያ መቃዠት፣ ከዚያ ቅርፊቱ። እንደ እሷ ነው። አንቱ ያስጻፉኝን አስታውሳለሁ፤ ገጹንም አስታውሳለሁ።»

ልጅ ስለሆንህ አልቆጣህም አሉ። በሩ ላይ ወደቆሙት ዞረው ቅሬው ሥራውን ጨርሷል፣ እንሂድ አሉ። ሁለቱ ሸካሚዎች ተከተሏቸው። መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ግን አልተንቀሳቀሱም። ጋቢያቸውን ከፍ አደረጉና ከጎናቸው፣ ከጎድናቸው ሥር፣ የጣት ጥፍር የሚያህል ጠባሳ አሳዩኝ።

«በነሐሴ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከኑርዬ ሁለት ወር በፊት። ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ምች ነው አልሁ። እግዜር ማረኝና ዳንሁ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ ግን ገባኝ። እኚህ ሰው ኑርዬ ሲፈረድበት ያ ጠባሳ በጎናቸው ላይ ነበር። በክት እንዳልበሉ ያውቃሉ። እንግዲያውስ ቅርፊቱ የበክት ምስክር አለመሆኑን በጎጡ ውስጥ በእርግጥ የሚያውቁ እሳቸው ነበሩ። አውቀው ፈረሙ።

ለምን አልሁ።

«ብናገር ቤተ መቅደስ ማን ያስገባኛል? መሪጌታ በክት በላ ሲባል አስበው።»

ይሂዱልኝ አልኋቸው። በሕይወቴ ሽማግሌ ተቆጥቼ አላውቅም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ሄዱ፤ ቃሬዛው ባዶውን ደጁ ላይ ቀረ።

ራህመት እዚያው አምስት ቀን ተኛች። ክኒኑን በጀመረች በሁለተኛው ቀን ትኩሳቷ ወረደ፤ በሦስተኛው ሾርባ ጠየቀች፤ በአራተኛው ጨው የለውም ብላ ነርሷን ወቀሰች። ስንወጣ ለቅሬው አልተነገረም፤ የሚነገርም አልነበረም። በባጃጅ እስከ ዳገቱ ሥር ሄድን፤ ከዚያ እያረፍን፣ እኔ ደግፌአት፣ ግማሽ ቀን ወጣን። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መሐላዬን አነሣችብኝ።

«ላፈረስኸው መሐላ ከፋራውን ሦስት ቀን ትጾማለህ» አለችኝ። እጾማለሁ አልሁ። ወደ ታች፣ ወደ ሐይቁ አየች። «ይሄኛው ቀላል ነው። የጻፍኸውንስ በምን ትጾመዋለህ?»

እጇን ይዤ አስነሣኋትና መውጣታችንን ቀጠልን።

በማግስቱ ጾሜን ጀመርሁ። መዝገቡን በብብቴ ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። አያ ባድሩ ጫታቸው መካከል ነበሩ፤ ፓምፑ ከእግራቸው አጠገብ፣ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። እንደመጣሁ ደስ አላቸው። ራህመት በመዳኗ አልሐምዱሊላህ አሉ። ቀጥለው ነገሩን እንዳሰቡበት ነገሩኝ፤ እሑድ ቅሬው ይሰበሰባል፤ የኡሙሀኒ ጉዳይ በሽምግልና ተዘግቷል ተብሎ ይጻፋል፤ ከብቶቿም ወደ ግጦሹ ይመለሳሉ። ማን ተሳሳተ፣ ማን አጠፋ መባባል ጎጥ ያፈርሳል። ልብሽን ብትመልሺ ምሕረት አድርገንልሻል ትባላለች።

«ምሕረት?» አልሁ።

«ታዲያ ምን ልንላት ነው?»

መዝገቡን ሣሩ ላይ፣ ከዱላቸው አጠገብ አስቀመጥሁት። ጎንበስ ብዬ ፓምፑን አነሣሁና በጀርባዬ አዘልሁት። የጫቱ መድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

በማን ፈቃድ ነው አሉኝ። የጎጡ ነው አልኋቸው። ቅሬው ሳይወስን አይነካም፣ እሑድ ትጽፈዋለህ አሉ።

«እኔ የጻፍሁት ይበቃኛል። የቀረውን አንቱ ይጻፉት።»

«ማንበብም መጻፍም እንደማልችል እያወቅህ?»

«ኑርዬም አይችልም ነበር» አልሁና ትቻቸው ወጣሁ። ከኋላዬ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አልዞርሁም።

ፓምፑን ከውሃው ርቄ፣ በሣሙና ሦስት ጊዜ አጠብሁት። ሐይቅ ከተማ ከከብት ሐኪሙ የመዥገሩን መድኃኒት ተቀበልሁ፤ ስንት ቆርቆሮ ውሃ ላይ ስንት ክዳን እንደሚገባ በወረቀት ጻፈልኝ። ዳገቱን ስወጣ ጥሜ በረታ። ሰው አየኝ፤ አንዳንዱ ሰላም አለኝ፣ አንዳንዱ ዝም አለ። ቁጥቋጦውን አልፌ ኡሙሀኒ ደጅ ስደርስ ላሞቹ በረት ውስጥ ነበሩ። ጆሯቸው ሥር፣ አንገታቸው ላይ፣ ጡታቸው ዙሪያ የጠገበው መዥገር እንደ ጉሎ ፍሬ ተደርድሯል። ራህመት ከተኛች ጀምሮ የነቀለላቸው የለም።

ኡሙሀኒ ከበሩ ወጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች፤ ግባም ውጣም አላለችኝም። ያለኝን ቃል ሁሉ ዳገቱ ላይ አዘጋጅቼው ነበር፤ ፊቷን ሳይ ጠፋኝ። ኑርዬ በክት አልበላም አልኋት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ለእኔ ነው የምትነግረኝ?»

ፓምፑን ሞላሁ፣ አፌን በሻሽ አሰርሁና መርጨት ጀመርሁ። ጥቁሯን ላም፣ ቀጥሎ በሬውን፣ ቀጥሎ ዳማዋን። መድኃኒቱ በፀጉራቸው ላይ ይወርዳል። ዳማዋን ጨርሼ ወደ ሦስተኛዋ ላም ልሻገር ስል ኡሙሀኒ ካለችበት ሳትንቀሳቀስ ተናገረችኝ።

«ከሆዷ ሥር ዘልለኸዋል። ደግመህ እርጭ።»

ጎንበስ ብዬ ደግሜ ረጨሁ።